ሰው ሲታሰርብዎ፦ ከፖሊስ ጣቢያ እስከ ፍርድ ቤት ብይን

«ወንድሜን ፖሊስ ወስዶታል፤ ከየት ልጀምር?» ደጋግመው የሚጠይቁን ይህንኑ ነው። ጠያቂዋ እናት ትሁን ባለቤት ወይም የሥራ ባልደረባ፣ የሚቸግራቸው ነገር ተመሳሳይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በሩጫ ያልቃሉ፤ የሚጻፈው ሳይጻፍ፣ የሚጠየቀው ሳይጠየቅ ችሎት ይደረሳል። በወንጀል ጉዳይ ደግሞ ሰዓትና ወረቀት ብዙ ነገር ይወስናሉ። ስለዚህ ይህን መመሪያ ለታሳሪ ቤተሰብ እንዲሆን አድርገን አዘጋጅተነዋል።

መሠረቱ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ (ከዚህ በታች «ሥ/ሥ/ሕጉ»)፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት እና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ናቸው። ማመልከቻ ላይ የሕግ ቁጥር ከመጥቀስዎ በፊት የወጣ አዲስ ሕግ ወይም ማሻሻያ መኖሩን ያመሳክሩ። የሽብርና የሙስና ጉዳዮች በጊዜ ቀጠሮ (ምርመራው እስኪያልቅ ሰው ታስሮ እንዲቆይ ፍርድ ቤት በሚፈቅደው ጊዜ) እና በዋስትና ረገድ የራሳቸው አዋጆች አሏቸው። ጉዳዩ ከነዚህ አንዱ ከሆነ መመሪያውን እስኪጨርሱ አይጠብቁ፤ መጀመሪያ ጠበቃ ያግኙ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ደብተርና እስኪሪብቶ። ስልክዎን በር ላይ አስቀምጠው እንዲገቡ ሊጠየቁ ስለሚችሉ የሚጻፈውን ሁሉ በወረቀት ይያዙ።
- የእርስዎና የታሳሪው መታወቂያ ኮፒ፣ ከእያንዳንዱ ቢያንስ 3።
- ታሳሪው መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ መድኃኒቱና የሐኪም ማዘዣው። ማዘዣ የሌለውን መድኃኒት ጠባቂዎች ላያስገቡ ይችላሉ።
- ምግብ፣ ቅያሪ ልብስ፣ ብርድ ልብስ።
- ቋሚ አድራሻ የሚያሳይ ወረቀት፦ የቤት ካርታ ወይም የኪራይ ውል፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የጋብቻና የልጆች ልደት ምስክር ወረቀት።
- ዋስ የሚሆነው ሰው ወረቀቶች፦ የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ፣ ንግድ ፈቃድ ወይም የመኪና ሊብሬ።

የመጨረሻዎቹን ሁለቱን በመጀመሪያው ቀን ማሰባሰብ ይጀምሩ። ዳኛው ዋስትና ፈቅዶ የዋሱ የደመወዝ ደብዳቤ ባለመድረሱ ብቻ ሰው ተጨማሪ ሌሊት የሚያድርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ደረጃ 1፦ የት እንዳለና በስንት ሰዓት እንደተያዘ ያረጋግጡ

ተያዘ በተባለበት አካባቢ ካለው ፖሊስ ጣቢያ ይጀምሩ፤ እዚያ ከሌለ ወደ ክፍለ ከተማው ወይም ወደ ዞኑ ፖሊስ መምሪያ ይሂዱ። ሲያገኙት አምስት ነገር ይጻፉ፦

1. የተያዘበትን ቀንና ሰዓት። ጣቢያ የደረሰበትን ሳይሆን እጁ የተያዘበትን።
2. የተያዘበትን ቦታና ሲያዝ ያዩ ሰዎችን።
3. የተጠረጠረበትን ወንጀልና የሕጉን ቁጥር።
4. የምርመራ መዝገቡን ቁጥር።
5. የመርማሪውን ስምና ማዕረግ።

ሰዓቱን የምንጽፈው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(3) የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ስለሚያዝ ነው። ከዚህ የሚቀነሰው ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚጠይቀው የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። ሰኞ ከቀኑ 10 ሰዓት የተያዘ ሰው ረቡዕ ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት። ቅዳሜና እሑድ አይቆጠሩም የሚል ቃል አንቀጹ ውስጥ የለም። ስለዚህ አርብ ማታ ለተያዘ ሰው «ተረኛ ችሎት የት ነው?» ብለው ይጠይቁ።

መርማሪውን ሲያገኙ «መቼ ይፈታል?» ማለት አይጠቅምም፤ እሱም ሊመልስልዎ አይችልም። «በምን ተጠረጠረ? ቁጥሩ ስንት ነው? ፍርድ ቤት መቼ ይቀርባል?» ይበሉ። ቁጥሩ የዋስትናውን ዕጣ ይወስናል። በወንጀል ሕጉ ቁጥር 665 የተመለከተው ስርቆት ከ5 ዓመት የማይበልጥ ጽኑ እስራት ሲያስቀጣ፣ ቁጥር 669 ላይ ያለው ከባድ ስርቆት ግን እስከ 15 ዓመት ይደርሳል። በአካል ጉዳትም እንዲሁ ነው፤ ቁጥር 556 (ቀላል የአካል ጉዳት) እና ቁጥር 555 (ከባድ የአካል ጉዳት) በጣም የተራራቁ ናቸው፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚሆን ብዙ ጊዜ የሚወስነው የሐኪም ማስረጃው ነው።

48 ሰዓቱ ካለፈስ? ዘግይቶም ቢሆን ከቀረበ፣ ታሳሪው የተያዘበትን ሰዓት ለዳኛው ተናግሮ በመዝገብ እንዲሰፍርለት ይጠይቅ። ጭራሽ ካልቀረበ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ይቀርባል። መብቱ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(4) ሲሆን፣ አቀራረቡ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 177 ላይ ይገኛል። አቤቱታው በመሐላ የተደገፈ ቃል ይፈልጋል፤ ሲያዝ ያዩትን ሰዎች ስም የጻፍነው ለዚህም ጭምር ነው።

የትዳር ጓደኛ፣ የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ ታሳሪውን መጎብኘት እንደሚችሉ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21(2) ይደነግጋል። ሲከለከሉ ድምፅዎን ሳያነሱ የከለከለዎትን ሰው ማዕረግና ሰዓቱን ይጻፉ፤ ለጣቢያው አዛዥ ያመልክቱ፤ አሁንም ካልተፈቀደ በቀጠሮው ቀን ለዳኛው ይነገር።

ደረጃ 2፦ ቃል ከመስጠቱ በፊት ይድረሱለት

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ታሳሪው ለመርማሪው የሚሰጠው ቃል ተጽፎ መዝገቡ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከወራት በኋላም ዐቃቤ ሕግ ያነሳዋል። ስለዚህ ሲያገኙት መጀመሪያ እነዚህን ይንገሩት፦

- ስሙንና አድራሻውን ይናገር። ከዚያ በኋላ ያለውን ያለመመለስ መብት አለው፤ መርማሪውም ይህን ሊነግረው ይገባል (ሥ/ሥ/ሕግ ቁጥር 27፤ ከዚህ በኋላ «ቁጥር» ብቻ ስንል የዚሁ ሕግ ነው)።
- «ከጠበቃ ጋር ከተነጋገርኩ በኋላ ቃሌን እሰጣለሁ» ማለት በቂ ነው። መጨቃጨቅ አያስፈልግም።
- የተጻፈው ሳይነበብለት አይፈርም። ስህተት ካለ መጀመሪያ ይታረም፤ ከዚያ ይፈርማል።
- ቃሉ የሚጻፍበትን ቋንቋ በደንብ የማይችል ከሆነ አስተርጓሚ ይጠይቅ። «ትንሽ ትንሽ ይገባኛል» ብሎ መቀጠል አደገኛ ነው፤ «መታሁት» እና «ገፋሁት» በወንጀል ሕግ አንድ አይደሉም።

ሁለት ዓይነት ቃል አለ። አንዱ ለፖሊስ የሚሰጠው የቁጥር 27 ቃል ነው። ሌላው በቁጥር 35 መሠረት ፍርድ ቤት ቀርቦ የሚመዘገብ የእምነት ቃል ነው። ሁለተኛውን በኋላ ማስተባበል በጣም ከባድ ነው፤ ምክንያቱም ዳኛው «በፈቃድህ ነው የምትናገረው?» ብሎ ጠይቆ፣ መልሱን መዝግቦ፣ አንብቦለት አስፈርሞታል። «እመንና ዛሬውኑ ትፈታለህ» የሚል ተስፋ ከተሰጠው ይጠንቀቅ፤ በማባበል፣ በተስፋ ወይም በማስፈራራት ቃል መቀበል በቁጥር 31 የተከለከለ ነው።

ማስጠንቀቂያ። ተደብድቦ ወይም ተገዶ ቃል ከሰጠ በመጀመሪያው ቀጠሮ ይናገር። በግዳጅ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(5) ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ቁስል ይሽራል፣ እብጠት ይወርዳል። ዳኛው ጉዳቱን ዓይቶ በመዝገብ እንዲያሰፍርና ሕክምና እንዲታዘዝ በዚያው ዕለት ይጠየቅ። በሦስተኛው ወር ሲነሳ «ለምን እስካሁን ዝም አልክ?» የሚለው ጥያቄ መከራከሪያውን ያዳክመዋል።

ደረጃ 3፦ ቤት ሲበረበር

ፖሊስ ለብርበራ ሲመጣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠይቁና ያንብቡ፤ አድራሻው የእርስዎ መሆኑንና የሚፈለገው ነገር መጠቀሱን ያረጋግጡ። ፍርድ ቤቱ ሌላ ካላዘዘ ብርበራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ይካሄዳል (ቁጥር 33)። ያለ ትእዛዝ መበርበር የሚቻልባቸው ሁኔታዎችም አሉ፦ እጅ ከፍንጅ የተያዘን ሰው በመከታተል ላይ እያሉ፣ ወይም ከ3 ዓመት በላይ የሚያስቀጣ ወንጀል ማስረጃ ትእዛዝ እስኪመጣ ሊሸሽ ይችላል ተብሎ በምክንያት ሲታመን። በአካል የሚደረግ ፍተሻ በተመሳሳይ ፆታ ብቻ ይከናወናል።

የሚወሰደው ዕቃ ዝርዝር ሲጻፍ አጠገቡ ይቁሙ። «አንድ ሞባይል» ተብሎ ከተጻፈ አይበቃም፤ ሞዴሉ፣ ቀለሙና ሴሪያል ቁጥሩ እንዲጨመር ይጠይቁ። «ገንዘብ» ከተባለ በየኖቱ ተቆጥሮ ይጻፍ። ከዚያ ገለልተኛ ታዛቢ ይፈርማል። በኋላ ኤግዚቢት ሆኖ ችሎት የሚቀርበው ዕቃ ያኔ የተወሰደው ለመሆኑ የሚመሳከረው በዚህ ዝርዝር ነው። እርስዎ ካልተስማሙ አለመፈረም ይችላሉ፤ ብርበራውን በጉልበት ማደናቀፍ ግን ራሱን የቻለ ክስ ያመጣል።

ደረጃ 4፦ የፖሊስ ዋስ ይጠይቁ

ወንጀሉ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ ከሆነ፣ ወይም ወንጀሉ መፈጸሙ አለዚያም ታሳሪው መፈጸሙ አጠራጣሪ ከሆነ፣ ፖሊስ ራሱ በዋስ ሊለቅ ይችላል (ቁጥር 28)። ቀላል ድብድብ፣ ስድብና የመሳሰሉት ብዙ ጊዜ እዚህ ያልቃሉ። የደመወዝ ደብዳቤ የያዘ ዋስ ይዘው ይሂዱና በቀጥታ ይጠይቁ። ፖሊስ እምቢ ቢል ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደው መንገድ አይዘጋም።

ደረጃ 5፦ የጊዜ ቀጠሮ ክርክር

ከሁሉም ደረጃ ትልቁ ዝግጅት እዚህ ላይ ያስፈልጋል፤ ቤተሰብ ባዶ እጁን የሚመጣውም እዚህ ነው። ምርመራው ካላለቀ ፖሊስ ተጨማሪ ጊዜ ይጠይቃል። በቁጥር 59 መሠረት ፍርድ ቤቱ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ ሊፈቅድ አይችልም። ልብ ይበሉ፤ 14 ጣሪያው ነው። ዳኛው 5 ቀን ወይም 7 ቀን ሊሰጥ፣ ወይም ጥያቄውን ውድቅ አድርጎ በዋስ ሊለቅ ይችላል። ሥ/ሥ/ሕጉ ጊዜ ቀጠሮ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ስለማይገድብ፣ ገደቡ የሚመጣው ከእናንተ ክርክር ነው።

የሚደረገው እንዲህ ነው፦

1. ፖሊስ የሚያቀርበውን ምክንያት አንድ በአንድ ይጻፉ።
2. በየምክንያቱ «ለዚህ ሥራ ሰውየው ታስሮ መቆየቱ ለምን ያስፈልጋል?» ብለው ያስቡ። ክርክሩ በሙሉ የሚዞረው በዚህች ጥያቄ ዙሪያ ነው።
3. በሚቀጥለው ቀጠሮ የድሮውን ምክንያት ከአዲሱ ጋር ያስተያዩ።

ፖሊስ «የሕክምና ማስረጃ ለማምጣት» ካለ፦ ማስረጃው ያለው በሆስፒታሉ እጅ ነው፤ ተጠርጣሪው ሊያጠፋው አይችልም። «የባንክ ሰነድ ለመሰብሰብ» ካለም መልሱ ያው ነው። «የምስክሮች ቃል ለመቀበል» ካለ፦ ስንት ምስክሮች? አድራሻቸው ይታወቃል? እስካሁን የስንቱ ተወሰደ? «ግብረ አበር ለመያዝ» የሚለው ጠንከር ያለ ነው፤ እዚህ ላይ ፖሊስ የሚፈልጋቸው ሰዎች በስም ይታወቁ እንደሆነና ለመያዝ ምን እንደተሠራ ይጠየቅ።

ደብተርዎ ላይ እንዲህ ይመዝግቡት፦

*1ኛ ቀጠሮ፣ ጥቅምት 4። የተጠየቀ 14 ቀን፣ የተፈቀደ 10 ቀን። ምክንያት፦ የ3 ምስክሮች ቃል፣ የሕክምና ማስረጃ።*
*2ኛ ቀጠሮ፣ ጥቅምት 14። የተጠየቀ 14 ቀን። ምክንያት፦ የ2 ምስክሮች ቃል፣ የሕክምና ማስረጃ። በ10 ቀን የተሠራ፦ የ1 ምስክር ቃል ብቻ።*

ይህ ወረቀት በእጁ ያለ ታሳሪ ወይም ጠበቃ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ በ10 ቀን ውስጥ የአንድ ሰው ቃል ብቻ ነው የተወሰደው፤ የሕክምና ማስረጃው በመጀመሪያውም ቀጠሮ ተጠቅሶ ነበር» ሲል ዳኛው መዝገቡን ገልጦ ያያል። «ተበደልን» ብሎ ማልቀስ ግን ለዳኛው የሚወስንበት ነገር አይሰጠውም።

ጠበቃ ባይኖር ታሳሪው ራሱ መናገር ይችላል፤ ዳኛው «የምትለው አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ዕድሉ ያ ነው። ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ንግግር አዘጋጅተው ከቀጠሮው በፊት በጉብኝት ሰዓት ያስጠኑት።

ደረጃ 6፦ ዋስትና

መነሻው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(6) ነው፤ ዋስትና መብት ነው፣ የሚከለከለው ሕግ በደነገገው ሁኔታ ነው። ስለዚህ ሁለት በሮችን ማለፍ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው በር፣ ቁጥር 63። ወንጀሉ የሞት ቅጣት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስከትል መሆን የለበትም፤ የተጎዳው ሰውም የመሞት ዕድል ያለው መሆን የለበትም። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ተጎጂው ከሆስፒታል ወጥቶ ከሆነ ይህ ለዳኛው ይነገር፤ የሐኪም ማስረጃው እንዲቀርብም ፍርድ ቤቱ እንዲያዝ ይጠየቅ። ተጎጂውን ወይም ቤተሰቡን ግን በራስዎ ሄደው አያናግሩ።

ሁለተኛው በር፣ ቁጥር 67። ዳኛው ከሦስቱ አንዱን ከጠረጠረ ይከለክላል፦ በቀጠሮው ላይቀርብ ይችላል፤ ሌላ ወንጀል ሊፈጽም ይችላል፤ ምስክር ሊያባብል ወይም ማስረጃ ሊያጠፋ ይችላል። የሰበሰቧቸው ወረቀቶች የሚሠሩት እዚህ ነው። የኪራይ ውልና የልጆች ልደት ምስክር ወረቀት ለመጀመሪያው፣ የሥራ ደብዳቤና ከዚህ በፊት አለመቀጣቱ ለሁለተኛው፣ የምስክሮች ቃል ተወስዶ ማለቁ ለሦስተኛው መልስ ይሆናል።

ማመልከቻው በጽሑፍ ሆኖ አመልካቹ ራሱ ይፈርምበታል፤ ምክንያቱን በአጭሩና ሊያቀርብ የተዘጋጀውን የዋስትና ዓይነት ይይዛል (ቁጥር 64)። አንድ ገጽ ይበቃል፦

*ለ……… መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት፣ ……… ወንጀል ችሎት*
*የምርመራ መዝገብ ቁጥር ………*
*አመልካች፦ ……… አድራሻ፦ ………*
*ተጠሪ፦ ……… ፖሊስ*
*ጉዳዩ፦ በሥ/ሥ/ሕግ ቁጥር 64 መሠረት በዋስ እንድለቀቅ የቀረበ ማመልከቻ*
*1. የተጠረጠርኩበት ወንጀል በወንጀል ሕጉ ቁጥር ……… የተመለከተ ሲሆን ዋስትና አያስከለክልም።*
*2. በ……… ቋሚ መኖሪያ አለኝ፤ ማስረጃው ተያይዟል።*
*3. በ……… ተቀጥሬ የምሠራ ነኝ፤ ደብዳቤው ተያይዟል።*
*4. የምስክሮች ቃል ስለተወሰደ በማስረጃ ላይ ጉዳት ላደርስ አልችልም።*
*5. ብር ……… የጥሬ ገንዘብ ዋስትና ወይም የደመወዝ ዋስ ለማቅረብ ዝግጁ ነኝ።*

ፍርድ ቤቱ የፖሊስን ወይም የዐቃቤ ሕግን አስተያየት ተቀብሎ በ48 ሰዓት ውስጥ ይወስናል (ቁጥር 66)። ከተከለከለ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ለሚሰማው ፍርድ ቤት ማመልከት ይቻላል (ቁጥር 75)። ስለዚህ የትእዛዙን ግልባጭ በዚያው ዕለት ያመልክቱ።

የገንዘቡን መጠን ሲጽፉ በእርግጥ የሚያገኙትን ይጻፉ። ዳኛውን ለማሳመን ተብሎ ከአቅም በላይ ከተጻፈና ያው ከተፈቀደ፣ ሰውየው የተፈቀደለት ዋስትና እያለ ታስሮ ይቀራል። ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ደረሰኙን ኮፒ ያድርጉ፤ ዋናውን ለብቻው ያስቀምጡ። የመፍቻ ትእዛዙ ከፍርድ ቤት ወደ ጣቢያ መድረሱን ራስዎ ይከታተሉ።

ዋስ ለሚሆነው ሰው እውነቱን ይንገሩት። ተከሳሹ ከቀረ ፍርድ ቤቱ ገንዘቡን ከዋሱ ይጠይቃል። «ስም ብቻ ነው» ብለው አያስፈርሙት።

እስካሁን ባለው መንገድ የሚበዙ ስህተቶች

- *የከሳሽን ምስክር «ለማስታረቅ» ሄዶ ማነጋገር።* ቅን ሐሳብ ቢሆንም ፖሊስ «ምስክር እያባበሉ ነው» ብሎ ያቀርበዋል፤ ዋስትናውም በቁጥር 67 ይዘጋል። እርቅ የሚያስፈልግ ከሆነ በሽማግሌ፣ በጠበቃ ምክር ይሁን።
- *እርቅ ሁሉንም ክስ ያቋርጣል ብሎ ማመን።* በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስከስሱ ወንጀሎች አቤቱታው ከተነሳ ጉዳዩ ሊቆም ይችላል። በሌሎቹ ግን ክሱ የመንግሥት ነው፤ እርቅና ካሣ የሚጠቅሙት ለቅጣት ማቅለያ ነው።
- *ፍርድ ቤት በር ላይ «ዳኛውን አውቀዋለሁ» ለሚል ደላላ ገንዘብ መስጠት።* ገንዘቡ ይጠፋል፤ ሰጪውም በጉቦ ሊጠየቅ ይችላል።
- *ከታሳሪው ስልክ ላይ መልእክቶችን ማጥፋት።* የሚጠቅመውንም አብረው ያጠፋሉ፤ ማጥፋቱም ራሱ በእሱ ላይ ማስረጃ ይሆናል።

ደረጃ 7፦ ክሱ ሲደርስ

ዐቃቤ ሕግ የምርመራ መዝገቡ በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ ክስ ይመሠርታል (ቁጥር 109)። ማስረጃው በቂ ካልሆነ መዝገቡን ሊዘጋው ይችላል፤ ስለዚህ በዚህ ጊዜ የሚጠቅም ሰነድ ካለ በጠበቃ በኩል ለዐቃቤ ሕግ ማቅረብ ይሠራል።

ክሱን ሲቀበሉ የማስረጃ ዝርዝሩና የምስክሮች ቃል መያያዙን ያረጋግጡ፤ ተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ የማየት መብት አለው (ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20(4))። ከዚያ በቁጥር 111 መሠረት አምስት ነገር ይፈልጉ፦ የተከሳሹ ስም፣ ወንጀሉና ዝርዝሩ፣ ጊዜውና ቦታው፣ የተጎዳው ሰው ወይም ንብረት፣ የተጣሰው የሕግ ቁጥር። «ቀኑ በውል በማይታወቅ» የሚል ክስ ሲያዩ ያስምሩበት። ቀኑ ካልታወቀ «በዚያ ቀን ጎንደር ነበርኩ» ብሎ መከላከል አይቻልምና።

መቃወሚያ የሚቀርበው ክሱ በተነበበበት ደረጃ ነው (ቁጥር 130)። ከዚህ በፊት በዚሁ ጉዳይ ተፈርዶ ወይም በነፃ ተለቅቆ ከሆነ፣ በይርጋ (የመክሰሻ ጊዜው በማለፉ) ከታገደ፣ ወይም ከሌሎች ጋር አብሮ መከሰሱ መከላከያውን የሚጎዳ ከሆነ ያን ጊዜ ይነሳል። አንድ ነገር ግን ይወቁ፤ በክሱ አጻጻፍ ላይ የቀረበ መቃወሚያ ተቀባይነት ቢያገኝ የተለመደው ውጤት ክሱ ተሻሽሎ እንዲቀርብ መታዘዙ ነው። «አሸነፍን፣ ይፈታል» ብለው ለቤተሰብ አይንገሩ።

ደረጃ 8፦ የእምነት ክህደት ቃል

ዳኛው «ድርጊቱን ፈጽመሃል? ጥፋተኛ ነህ?» ይላል። ተከሳሹ ዝም ካለ ወይም «አዎ፣ ግን እሱ ጀምሮኝ ነው» ብሎ በቅድመ ሁኔታ ካመነ ሕጉ እንደ ክህደት ይቆጥረዋል። ያለ ቅድመ ሁኔታ ካመነ ግን ፍርድ ቤቱ ወዲያውኑ ጥፋተኛ ሊለው ይችላል (ቁጥር 134)። ስለዚህ ምን እንደሚል ከጠበቃው ጋር አስቀድሞ ይወሰን። ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለውና ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ከሆነ መንግሥት እንዲያቆምለት የመጠየቅ መብት አለው (ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20(5))፤ ጥያቄው ክሱ ከመነበቡ በፊት ይቅረብ። የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች ያሏቸው ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትም ይረዳሉ።

ደረጃ 9፦ የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ሲሰማ

አገራችን በአንድ መጽሐፍ የተጠቃለለ የማስረጃ ሕግ ሳይኖራት ብዙ ዘመን ቆይታለች፤ ደንቦቹ በሕገ መንግሥቱ፣ በሥ/ሥ/ሕጉና በሌሎች ሕጎች ተበትነው ይገኛሉ። ዋናው ግን አንድ ነው። ተከሳሽ ጥፋተኝነቱ እስኪረጋገጥ ንጹሕ ሆኖ ይገመታል፤ የማስረዳት ሸክሙ የዐቃቤ ሕግ ነው።

ምስክር በሦስት ዙር ይጠየቃል። በዋና ጥያቄ፣ ያቀረበው ወገን ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ መሪ ጥያቄ ማለትም መልሱን የሚያመለክት ጥያቄ ሊጠይቅ አይችልም። «ቀይ ሸሚዝ ለብሶ ነበር አይደል?» መሪ ነው፤ «ምን ለብሶ ነበር?» አይደለም። ዐቃቤ ሕግ መሪ ሲጠይቅ መቃወሚያው ምስክሩ ከመመለሱ በፊት ይነሳ፤ መልሱ አንዴ ከተሰማ ዋጋ የለውም። በመስቀለኛ ጥያቄ ግን መሪ ይፈቀዳል፤ ዓላማውም የተሳሳተውን፣ አጠራጣሪውን ወይም እውነት ያልሆነውን ማሳየት ነው። ድጋሚ ጥያቄ ለማብራሪያ ብቻ ነው (ቁጥር 137)።

ምስክሩ «ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሮጥ አይቼዋለሁ፤ እሱ ነው» ብሏል እንበል። መስቀለኛው፦

*— የቆሙት ሱቁ በር ላይ ነበር፣ አይደል?*
*— አዎ።*
*— ሰውየው የሮጠው በመንገዱ ማዶ ነው?*
*— አዎ።*
*— ያን ዕለት ማታ ሰፈሩ መብራት አልነበረውም፣ አይደል?*
*— ጠፍቶ ነበር።*
*— ተከሳሹን ከዚያ በፊት አይተውት አያውቁም?*
*— አላውቅም።*

እዚህ ይቁም። «ታዲያ እንዴት ለዩት?» ብሎ መጨመር ምስክሩ «በመኪና መብራት ፊቱን አየሁት» እንዲል በር መክፈት ነው። መልሱን የማያውቁትን ጥያቄ አይጠይቁ።

ከዚህ ሌላ ሦስት ነገር ይመርመሩ፦

- ምስክሩ ያወቀው ከየት ነው? ሕጉ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ያወቀውን እንዲናገር ስለሚፈቅድ «ሰማሁ» ያለው ሁሉ አይወድቅም። ግን «ከማን ሰሙ? ያ ሰው ለምን አልመጣም?» ብሎ ክብደቱን ማሳነስ ይቻላል።
- ለፖሊስ ከሰጠው ቃል ጋር ይስማማል? የፖሊሱን ቃል አስቀድመው አንብበው የሚለያይበትን መስመር ያስምሩ።
- ኤግዚቢቱ ያው ነው? የደረጃ 3ን ዝርዝር አውጥተው ሴሪያል ቁጥሩን ያስተያዩ።

ለስልክ መልእክትና ለቪዲዮ ዋናው መሣሪያ ይቀመጥ፤ የታተመ ምስል ብቻ ከሆነ «ተቆርጧል፣ ተቀይሯል» የሚል ክርክር ይነሳበታል። የካሜራ ቅጂ የሚጠቅማችሁ ከሆነ ባለ ሕንፃውን በመጀመሪያው ቀን በደብዳቤ እንዲያስቀምጥ ይጠይቁ፤ መሣሪያው ሲሞላ በላዩ ላይ ይቀዳበታልና። የጥሪ ዝርዝርና የባንክ መግለጫ የሚመጡት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ስለሆነ ማመልከቻው ቀደም ብሎ ይግባ።

ደረጃ 10፦ ብይንና መከላከያ

የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ካልበቃ ፍርድ ቤቱ ተከሳሹን መከላከል ሳያስፈልገው በነፃ ያሰናብተዋል (ቁጥር 141)። ከበቃ «ይከላከል» ይላል። «ይከላከል» ማለት ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም፤ እዚህ ቃል ላይ ብዙ ቤተሰብ ተስፋ ይቆርጣል፤ ሊቆርጥ ግን አይገባም።

የመከላከያ ምስክሮችን ስም ከነአባት፣ ከነአድራሻ ለሬጅስትራር ያስገቡና መጥሪያው መድረሱን ይከታተሉ። ስለ ምን እንደሚመሰክሩ በአንድ መስመር ይጻፉ። አምስት ሰው አንድ ነገር ከሚናገር ሁለት ሰው ከአንድ ሰነድ ጋር ይሻላል። የሚመሰክረው ሰው ተራው እስኪደርስ ችሎት ውስጥ አይቀመጥ። ቃሉንም አያስጠኑት፤ በመስቀለኛ ጥያቄ የተጠና ቃል ቶሎ ይታወቃል።

ደረጃ 11፦ ከፍርድ በኋላ

ጥፋተኛ ከተባለ የቅጣት አስተያየት ይጠየቃል፤ የቤተሰብ ኃላፊነት፣ የሕመም ማስረጃ፣ ከዚህ በፊት አለመቀጣትና የተከፈለ ካሣ በሰነድ ይቅረቡ። ለይግባኝ በ15 ቀን ውስጥ ማስታወቂያ፣ የፍርዱ ግልባጭ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ደግሞ የይግባኝ ማመልከቻ ይገባል (ቁጥር 187)። ግልባጩን ፍርዱ በተነበበበት ቀን ያመልክቱ፤ የተቀበሉበትንም ቀን ላዩ ላይ ያስጽፉ።

ጉዳዩ ሲያልቅ የዋስትናው ገንዘብ በራሱ አይመለስም። የመዝገቡን ቁጥር ጠቅሰው «የዋስትና ገንዘብ እንዲመለስልኝ» የሚል ማመልከቻ ያስገቡ፤ ትእዛዙ ሲሰጥ ከዋናው ደረሰኝና ከመታወቂያ ጋር ወደ ፍርድ ቤቱ ፋይናንስ ክፍል ይሂዱ። ገንዘቡ የሚመለሰው ደረሰኙ ላይ ስሙ ለተጻፈው ሰው ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያውኑ ሲከፍሉ በእውነተኛው ባለገንዘብ ስም እንዲቆረጥ ያድርጉ።